አሥራ አንደኛው ፎቶ

ግሌኒስ ፎቶውን ወደ ፖስታው ከመመለሷ በፊት ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን ስታየው ነጭ ሆኖ አገኘችው። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ወደ መስኮቱ ተጠግታ ደግማ አየችው። አንድ የእርሳስ ጭረት እንኳ የለበትም። በእጇ የያዘችው ባለፈው ረቡዕ ራሷ ያተመችው ቅጂ ነበር።

«የለም» አለች ለብቻዋ። «የለም፣ የለም።»

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ፎቶውን ለባለቤቱ ለሽማግሌው ሜርቭ እንደምታደርስ ትናንት በስልክ ቃል ገብታለች። ሜርቭ የሥጋ ዘመዷ አይደሉም፤ ከአባቷ ጋር አንድ ማሸጊያ ቤት ውስጥ ፖም ሲያሽጉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ እያለች ነው የምትጠራቸው። ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል። የሚያዩት ነገር መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ስለቀረላቸው፣ ሰው ሲያናግሩ ጆሮውን የሚመለከቱ ይመስላሉ።

ፎቶው እ.ኤ.አ. በ1946 በመጋቢት የተነሣ ነው። ሽርጥ የታጠቁ ሦስት ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመው ፖም በወረቀት ይጠቀልላሉ። ከእግራቸው ሥር አንድ የፖም ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ ጠርዝ በላይ የሕፃን እግር ብቅ ብሏል። እግሩ የሜርቭ ነው። መሐል የቆመችው እናታቸው አይቪ ናት። ሜርቭ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው አረፈች፤ ከእሷ የቀረውን ሁሉ ደግሞ የስልሳ ሰባቱ ሰደድ እሳት ከነቤታቸው በላው። ይህ ፎቶ የተረፈው ያን ጊዜ ሆባርት ከተማ፣ አክስታቸው መሳቢያ ውስጥ ስለነበረ ብቻ ነው። ከጀርባው አይቪ በእርሳስ የጻፈችው አራት መስመር አለ። አይቪ የምትባል ሴት በዕድሜዋ ከጻፈችው ሁሉ የቀረው ያ አራት መስመር ነው።

ግሌኒስ ሥራዋ ፎቶ አትሞ፣ በካርቶን ላይ ለጥፎ፣ ዙሪያውን መስኮት የተቆረጠለት ሌላ ካርቶን አልብሶ በሲግኔት የእሁድ ገበያ መሸጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። በሱቋ ሁለት ዓይነት አለጣጠፍ አለ። ለገበያ የሚሆነው ቅጂ ስስ የሙጫ ወረቀት ከሥሩ ይደረግለትና የሙቀት መጭመቂያው ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ከካርቶኑ ጋር አንድ አካል ነው፣ አይላቀቅም። የሰው ንብረት የሆነ አሮጌ ፎቶ ግን መጭመቂያው አጠገብ አይደርስም። እሱ በስንዴ ሙጫ በተለጠፉ ሁለት ትንንሽ የወረቀት ቅዳጆች ከላይ ይንጠለጠላል፤ የፈለገ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን በእርጥብ ጥጥ ነካ ነካ አድርጎ ያላቅቀዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማታልፈው አንድ ሕግ አላት፤ ማንኛውም ፎቶ ከመነካቱ በፊት ተገልብጦ ጀርባው ይታያል። ይህን ሕግ ክረምት ክረምት በአዳራሹ ለምታስተምራቸው ጡረተኞች ጣቷን ቀስራ ስትሰብክ የሰማ፣ ራሷ ትስተዋለች ብሎ አይጠረጥርም።

እንዴት እንደሳተችው ለማስታወስ ብዙ አልደከመችም።

የዚያን ዘመን ፎቶ ጠርዙ እንደ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ግሌኒስ ያን ጠርዝ የሚያወጣ መቁረጫ ከአንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት ገዝታለች፤ በአካባቢው ከእሷ በቀር ያለው የለም፤ ገዢም ወደ እሷ የሚመጣው ለዚያ ጠርዝ ነው። ረቡዕ ዕለት የአይቪን ፎቶ አሥር ቅጂ አተመች። ቡናማነቱን አመሳሰለች። የወረቀቱን ውፍረት ሳይቀር አስተካክላ፣ ጠርዙን በዚያ መቁረጫ ቆረጠችና ዋናውን ለማመሳከሪያ ከጎናቸው ደረደረችው። አሥራ አንዱም አንድ ሆኑባት። ደስ አላት። ግሌኒስ ደስ ሲላት ደግሞ ሰው ይይልኝ ማለት ትወዳለች።

ያየላት ሰው ቤቭ ናት። ቤቭ ከግድግዳው ባሻገር የሱፍ ክር የምትሸጥ፣ አፏ ላይ ወንፊት የሌላት የሃያ ዓመት ጓደኛዋ ናት። የዚያን ዕለት ትኩስ የስካሎፕ ፓይ፣ የባሕር ዛጎል ሥጋ የተሞላበት የተጋገረ ሊጥ፣ ለሁለት ይዛ ገባች። ግሌኒስ የጥጥ ጓንቷን እንዳጠለቀች አሥራ አንዱን ፎቶ እንደ ካርታ በወዘችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«አሥሩ ቅጂ ነው፣ አንዱ ዋናው ነው» አለቻት። «እስቲ ዋናውን አውጪ። መገልበጥ ክልክል ነው።»

ቤቭ ፓይዋን እያላመጠች ዞር ዞር ብላ አየችና በጣቷ አንዱን ጠቆመች። «ይቺ። ይቺ ደክሟታል።»

«ተበላሽ» አለች ግሌኒስ ከልቧ እየሳቀች። ቤቭ የጠቆመችው ከሌሎቹ ሣሣ ያለውን ነበር፤ ግሌኒስ ደግሞ ያ የሣሣው መጀመሪያ ለሙከራ ያተመችው መሰላት። ከዚያ ራሷ፣ ዓይኗን ቅንጣት ሳትጠራጠር፣ ሌላውን አንሥታ ዋናው ይኸውልሽ ብላ ፖስታው ውስጥ ከተተችው። በጨዋታው መሐል ገልብጦ ማየት ማጭበርበር ነበር። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ፓዩ እየቀዘቀዘ ነበር። የቀሩትን አሥሩን በማግስቱ መጭመቂያው ውስጥ ከተተቻቸው።

አሁን ተንበርክካ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠች። የሣሣው የሙከራ ቅጂ ለሁለት ተቀዶ ከታች ተኝቷል። ረቡዕ ጠዋት፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ራሷ ናት የቀደደችው። ቤቭ ልክ ነበረች።

እሁድ ገበያ ላይ ስድስቱ ተሽጠዋል። የቀሩትን አራቱን ከሣጥን አውጥታ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። ቅጂ የሆነ ፎቶ በማጉያ ሲታይ የቀለም ነጠብጣቡ ይለያል። የመጀመሪያው ነጠብጣብ አለው፤ ሁለተኛውም አለው። ሦስተኛው የለውም። ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርገው ጥላው ላይ የድሮ ፎቶ ብቻ ያለው የብር ወዝ ብልጭ አለ። ስድስት ገዢ እሁድ ዕለት ይህን ፎቶ አልፎ ደመቅ ያለውን ቅጂ መርጧል። ዋናውን ማንም አልፈለገውም።

«አገኘሁሽ» አለች። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ካርቶን ነው።

ስስ የብረት ቢላዋ በአንዱ ጥግ አስገብታ ለመላጥ ሞከረች። ወረቀቱ ከሙጫው ሊላቀቅ ሳይሆን ለሁለት ሊከፈል ሲጀምር እጇን ሰበሰበች። ሆባርት ላለች፣ ለሙዚየሞች አሮጌ ወረቀት ለምትጠግን ሴት ደወለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችው በሙቀት ነው ወይ የተለጠፈው ብላ ነው። ግሌኒስ አዎ አለቻት። ሴትዮዋ በደግነት ድምፅ፣ ሊሞከር እንደሚችል፣ ወራት እንደሚፈጅ፣ ፊቱ ሊተርፍ እንደሚችል፣ የእርሳሱ ጽሑፍ ግን ሙጫው ላይ እንደሚቀር ቢታሰብ እንደሚሻል አስረዳቻት። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ስትላት ግሌኒስ፣ «እንጃ፣ አንድ ደንበኛ እንደዚህ ሆኖ ነው ያመጣው» አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

ቤቭ በበሩ አንገቷን ስታስገባ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች።

«ያኔ ልክ ነበርሽ» አለቻት ግሌኒስ።

«ምኑን?»

«ደክሟታል ያልሽውን።»

ቤቭ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየች፣ የግሌኒስን ፊት አየች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት፤ ይህ ለቤቭ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሰውዬው እንደማያዩ አስታወሰቻት። ቅጂውን ብትሰጪያቸው በምን ይለዩታል፣ አለቻት።

«በአውራ ጣታቸው ነው የሚያዩት» አለች ግሌኒስ።

አይቪ እርሳሱን ጫን አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ፊደሎቹ ወረቀቱ ውስጥ ሰምጠዋል። ሜርቭ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ያን ፎቶ ፊቱን አይጠይቁትም። ገልብጠው አራቱን መስመር በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ፎቶውን ለማዋስ ሦስት ሳምንት ያቅማሙትም ለዚሁ ነበር። መጨረሻ ላይ እሺ ያሉት ግሌኒስ ስለሆነች ነው፤ ሽጪው፣ እናቴን ከባሕሩ ማዶ የሚመጡት የዋናው ምድር ሰዎች መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ይስቀሏት፣ ብለው ስቀው ነበር።

ቤቭ ትንሽ አሰበች። «የጀርባውን ስካን አድርገሻል አይደል? አንቺ ሳትገለብጪ አትነኪም።» ለክፋት ብላ አይደለም፤ ቢሆንም ግሌኒስን አንጀቷ ድረስ ወጋት። አዎ፣ ፎቶውን በተቀበለችበት ቀን፣ ጨዋታ ሳይገባበት፣ ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጋለች።

«እንግዲያው ጻፊዋ» አለች ቤቭ። «እጅሽ ወርቅ ነው። እርሳስ ነው፣ ምንም አይደለም።»

«አጎቴን ላታልላቸው?»

«እውነቱን ብትነግሪያቸውስ ማን ይጠቀማል? አንቺ ቀለል ይልሻል፤ እሳቸው ይከብዳቸዋል። እሱ ደግነት ነው እንዴ? ሸክምሽን ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ላይ ማራገፍ ነው።»

የሚያሳፍረው፣ ይህን መስማቷ ግሌኒስን ደስ አሰኛት።

በሩን ቆልፋ የጀርባውን ምስል በትክክለኛ መጠኑ አተመች። የኅትመቱን ጀርባ በእርሳስ አጠቆረችና በቅጂው ጀርባ ላይ አስተኝታ የአይቪን ፊደሎች አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። በመጀመሪያ በውዳቂ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተለማመደች። አይቪ ስትጽፍ እየቸኮለች እንደነበር ያኔ ገባት፤ የቃላቱ መጨረሻ ወደ ላይ ሽቅብ ይላል፤ አራተኛው መስመር ላይ ግን ረጋ ብላለች። አሻራው በወረቀቱ ፊት እንዳይወጣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አደረገች፤ እርሳሱን እንደ አይቪ ጫነችው።

መጋቢት 1946፣ ማሸጊያ ቤት።
ዶት፣ እኔ፣ ኢና።
ሜርቪን ሣጥኑ ውስጥ ነው።
ዛሬ አላለቀሰም።

ወረቀቱ በጣም ነጭ እንዳይሆን በሻይ በረጠበ ጥጥ አበስ አበስ አደረገችውና ማሞቂያው አጠገብ አደረቀችው። ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አይቪ ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ከሱቋ የሚወጣ ቅጂ ሁሉ ከጀርባው ታች በኩል «ቅጂ፣ ግሌኒስ» የሚል በእርሳስ ይጻፍበታል። በዚህኛው ላይ አልጻፈችም።

ዋናውን፣ ካርቶን ላይ የተጣበቀውን፣ ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ሥር አስገባችው። ሱቁ ውስጥ ትታው ብትሄድ ቤቭ ታየዋለች ብላ ነው፤ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው።

ሜርቭ ከውኃው ዳር፣ ዛፎቹ ከተነቀሉ የቆየ አሮጌ የፖም እርሻ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ግሌኒስ እንደ ልማዷ በጓሮ በር «እኔ ነኝ» ብላ ገባች። ሽማግሌው የእንጨት ማሞቂያቸውን እየለኮሱ ነበር። ሻይ ቀዱ፤ ስኒው መሙላቱን ጣታቸውን ጫፉ ላይ አድርገው ነው የሚያውቁት። ስንት ሰው ገዛ ብለው ጠየቋት። ስድስት አለቻቸው።

«ስድስት መታጠቢያ ቤት» አሉ ሜርቭ። «በሕይወቷ አንድ እንኳ ያልነበራት ሴት።»

ግሌኒስ ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም ጆሮ ደረቅ ነበር። ፖስታውን ሰጠቻቸው። ሜርቭ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ፎቶውን አውጥተው ወዲያው ገለበጡት። አውራ ጣታቸው ከግራ ጥግ ጀመረ። ግሌኒስ የስኒዋን እጀታ ጨብጣ ጣታቸውን ተከተለች። አንደኛው መስመር አለቀ። ሁለተኛው ላይ «እኔ» የሚለው ጋ እንደ ሁልጊዜው ቆም አሉ።

«እዚህ አለች» አሉ ሜርቭ።

ግሌኒስ ይቀልለኛል ብላ የጠበቀችው እፎይታ ግን አልመጣም። እናታቸውን አይደለም የሚዳስሱት፤ የእሷን የዛሬ ጠዋት እጅ ነው። አውራ ጣታቸው የእሷን ቆዳ እየዳሰሰ ያለ መሰላትና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

ሜርቭ አራተኛው መስመር ላይ ደረሱ። «ዛሬ አላለቀሰም» አሉ። «ይቺ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? እንግዲያው ትናንት አልቅሼባት ነበር ማለት ነው እላለሁ። ከትናንት ወዲያም። ስንት ቀን ባስቸግራት ነው ያልጮህኩባትን ቀን የጻፈችው?»

«ሕፃን ነበሩ፣ አጎቴ።»

«እሱማ ሕፃን ነበርኩ።» ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። «ለእህቴ ልጅ ነግሬያታለሁ። ስሞት ይቺን እጄ ላይ ታደርግልኛለች። ሙዚየም ምናምን እንዳትል ብያታለሁ። ከእኔ ጋር ትገባለች።»

ስለዚህ ማንም አያውቅም። ግሌኒስ ይህን በሚገባ ተረዳችው። የሚገለብጠው ሰው አይኖርም፣ በማጉያ የሚያየውም አይኖርም፤ ጥፋቷ ከነማስረጃው መሬት ይገባል። ቤቭ ብትሰማ ይኸው አላልኩሽም ትላለች። ሻዩን ጨለጠችውና ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት ብላ ተነሣች።

«ሌላ ሰው ቢሆን አላውሰውም ነበር» አሉ ሜርቭ ወደ ጆሮዋ እያዩ። «ሰው ሁሉ ፊቱን አይቶ ነው የሚያልፈው። አንቺ ግን ትገለብጫለሽ። አባትሽም እንደዛ ነበር፤ ፖሙን ሳይገለብጥ አይጠቀልልም።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አስገባች። አላዞረችውም። የመስኮቱ መስታወት በትንፋሿ ጉም እስኪለብስ ድረስ ተቀመጠች። ቤቭ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ እውነቱ ለሽማግሌው አይጠቅማቸውም። ግን እሷ ነገ ጠዋት ሱቋን ከፍታ፣ አንድ የሰው ፎቶ አንሥታ ትገለብጣለች። ከነገ ወዲያም ትገለብጣለች። በገለበጠች ቁጥር ያ አውራ ጣት ይመጣባታል። ወረደች፤ የኋላውን በር ከፍታ ካርቶኑን ከወንበሩ ሥር ሳበችው።

በዚህ ጊዜ እኔ ነኝ አላለችም። የጓሮውን በር አንኳኩታ እስኪከፈትላት ቆመች።

«ምን ረሳሽ?» አሉ ሜርቭ።

ካርቶኑን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው ፊቱን ዳሰሱት፤ እንደ ጥርስ የተቆራረጠውን ጠርዝ በጣታቸው ዞሩት። ገለበጡት። መዳፋቸውን በካርቶኑ ጀርባ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳቡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዋናው ነው። እናትዎ እዚህ ውስጥ ናቸው፤ በሙጫ አጣብቄያቸዋለሁ። አይላቀቅም። ሆባርት ጠይቄያለሁ፣ ጽሑፉ አይተርፍም አሉኝ።»

ሜርቭ ወንበራቸውን በእግራቸው ፈልገው ተቀመጡ። «ታዲያ ቅድም የዳሰስኩት?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት።»

ከዚያ የቀረውን ነገረቻቸው፤ አሥራ አንዱን እንዴት እንደዘረጋች፣ ቤቭ ላይ እንዴት እንደሳቀች፣ ዓይኗን ተማምና ሳትገለብጥ እንደከተተችው፣ ፓዩ እየቀዘቀዘባት እንደነበር ሳይቀር። ይቅርታ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀመረችና ቃሉ አነሰባት። ማሞቂያው ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣል።

«የምን ፓይ ነበር?» አሉ ሜርቭ።

«ስካሎፕ።»

«እሱስ ደግ ነው» አሉ። አልሳቁም። ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዙት። «እሳቱ አልፏት ነበር እኮ፣ ግሌኒስ።»

ግሌኒስ ከዚህ ይልቅ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አጠገባቸው ቆማ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ በእጅጌዋ ጠረገችው። ሜርቭ በሩን ሊከፍቱ ሲነሡ ጠረጴዛው ላይ ያኖሩትን ቅጂ በሁለት ጣት አንሥተው፣ ራቅ አድርገው፣ እሷ ወዳለችበት ዘረጉት።

«ውሰጂልኝ። የሰው እጅ ነው።»

ተቀበለቻቸው። ወደ ቦርሳዋ ልትከተው ፖስታውን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። የሳህን ማድረቂያውን ፎጣ ከወንበር ላይ አንሥታ ለሁለት አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፤ ፎቶውን ገልብጣ አስተኛችበት። ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አወረደች። ከአራተኛው መስመር ሥር፣ በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ «ቅጂ፣ ግሌኒስ» ብላ ጻፈች። አሳፋሪ ነገር ስለሆነባት እርሳሱን አልጫነችውም፤ ፊደሎቹ ደቃቃ ሆኑ። የጻፈችውን ነግራቸው ፎቶውን ወደ እጃቸው አስጠጋችላቸው።

ሜርቭ ለረጅም ጊዜ አልነኩትም። ከዚያ ካርቶኑን በግራ እጃቸው እንዳቀፉ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። አራቱን መስመር አለፉት። ከሥሩ ያለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ወዲያና ወዲህ ሄደ።

«አይሰማኝም» አሉ። «ጫን በይ።»

ግሌኒስ ፎቶውን ፎጣው ላይ መለሰችና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች።